ነቅለህ ስካው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከሰሰው በዕድሜ ትንሹ የቤቱ ልጅ ነው። «ምን ነክተህ ነው?» ይባላል። ልጁ ምንም አልነካም፤ ቢነካም የራሱን ስልክ ነው። ሁለተኛው ተከሳሽ ሞደሙ ነው፤ በሰው ፊት ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ጥፋተኛ ይመስላል። ሦስተኛው ዝናብ፣ አራተኛው ጎረቤት ነው። ቆጣሪው፣ ማማው፣ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲና ቀይ ባሕር ተራ የሚደርሳቸው ከስንት ክርክር በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው እነሱ ዘንድ ነው!

ይህን የክስ ቅደም ተከተል በቃሌ የያዝሁት እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ባለች ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ሰው ለማመልከቻ መጥቶ ሊወጣ ሲል «እግረ መንገድህን ያን ነገር ብታይልን» ይለኛል። ያ ነገር ሞደሙ ነው። እግረ መንገዴ ደግሞ አንዳንድ ቀን ቡሬ ድረስ ይዘልቃል።

መድኃኒቱ ከክሱ በፊት የታወቀ ነው፤ ነቅለህ ስካው። ይህን ትእዛዝ የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ቴሌቪዥን ለማብራት ልጅ የሚጠሩ አያቶች እንኳ ሞደም መንቀልና መሰካት ይችሉበታል። የከተማ አዋቂዎች ይስቁበታል እንጂ እኔ አልንቀውም። ሞደም ማለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሲሠራ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚይዝበት መዝገብ ይሞላበታል፣ ይሞቃል፣ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ተጣብቆ ይቀራል። ሲነቀል ያን ሁሉ ይረሳል፤ ሲሰካ ከማማው ጋር እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ስለዚህ ይሠራል። የማይሠራው ሰው በንዴት ነቅሎ በዚያው ንዴት ሲሰካው ነው። ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ተሟጥጦ እስኪያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ሰዓት ለማይዙ ሰዎች አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ይድገሙ ብዬ እመክራለሁ። አንዲት እናት ጸሎተ ሃይማኖትንም ጨመሩበት፤ እንዲያውም የተሻለ ሠራላቸው። ምስጋናው ለማን እንደሆነ አልተከራከርኋቸውም።

እኒሁ እናት ሌላ ቀን ጠበል ይዘው ጠበቁኝ። «ልርጭበት ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ። «እሜቴ፣ ጠበሉ ለእርስዎ ይሁን፤ እሱ ውኃ ሲነካው ይሞታል» አልኋቸው። «ሰይጣኑ ነው የሚሞተው» አሉኝ። በምኒልክ ዘመን ስልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ካህናቱ ድምፁን ሰምተው የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደሰጉ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ነገሩም ተሻሽሏል። ዛሬ ዕቃው ራሱ ሰይጣን መሆኑ ቀርቶ ሰይጣን የያዘው ሆኗል፤ ስለዚህ ይታዘንለታል።

ከደንበኞቼ ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ልጃቸው ውጭ አገር ስላለች ኢንተርኔቱን የሚፈልጉት ከምር ነው። ሞደማቸው ሲጠፋ እንደ ሌላው ሰው አይጮኹም፤ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የአየሩን ሁኔታ። «መንስኤ» በሚለው ዓምድ ሥር ግን ከላይ እስከ ታች «የውጭ ጣልቃ ገብነት» የሚል ነው የተሞላው። ደብተሩን ተቀብዬ ሳገላብጥ መቋረጡ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ያውም ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ድረስ ይደጋገማል። ኢንተርኔት ቀን አይለይም። በሳምንት ውስጥ ቀን የሚለይ ነገር ጾም፣ ገበያና እንጀራ ነው።

ወደ ማድ ቤት ዞርሁ። የውጭውን ጣልቃ ገብ እዚያው ውስጥ፣ አክንባሎውን ደፍቶ እንጀራ ሲያወጣ አገኘሁት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺሕ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ሞደም አሥር ወይም አሥራ አምስት ዋት ቢጠጣ ነው። ሁለቱ ከአንድ አሮጌ፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲቀጠሉ ምጣዱ በበራ ቁጥር ኃይሉ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይፈዛል፤ ሞደሙ ራሱን ስቶ ይወድቅና እንደገና ይነሣል። ተነሥቶ ከማማው ጋር እስኪገናኝ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ማን ያስተውለው ነበር? ጋጋሪ ግን ምጣድ አብርታ አትተወውም፤ ሲግልባት ታጠፋዋለች፣ ሲበርድባት ታበራዋለች። ስለዚህ አንድ ቡሖ እስኪያልቅ ሞደሙ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል። መምህሩ አሜሪካ ካለች ልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ የልጅቱ ፊት አፉን እንደ ከፈተ ድርቅ የሚለው ለዚያ ነው።

ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦ ይሳብለት፣ ካልሆነም ለሞደሙ ትንሽ ባትሪ ያለው ማቆያ ይገዛ ብዬ መከርሁ። የመምህሩ ባለቤት በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «እንጀራ ሳይበላ ኢንተርኔት የሚያይ ሰው አለ እንዴ?» አሉና ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደብተራቸውን ከፈቱ፤ «የውጭ» የሚለውን ሰርዘው «የውስጥ» ብለው አረሙት። ሽቦው እስካሁን አልተቀየረም። ልጅቱ ግን የምትደውለው ማክሰኞ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ደብተር ሁሉም ቤት ቢኖር የእኔ ሥራ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ይጨነቃል እንጂ «መቼ ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ሁልጊዜ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት የሚያዘግም ከሆነ ጥፋቱ ከቤቱ ውጭ ነው፤ ከተማው በሙሉ ራቱን በልቶ ስልኩን ያወጣበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም የሚያዘግም ከሆነ ግን ሞደሙን፣ ሽቦውን ወይም ከማማው ያለውን ርቀት መጠርጠር ይገባል። በስልክ ሽቦ በሚመጣው አሮጌ መስመር ላይ ዝናብ እውነተኛ ተከሳሽ ነው፤ ውኃ የዛገ መጋጠሚያ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ኢንተርኔቱም ይሞታል። በፋይበር ላይ ግን ዝናብን ያለ ማስረጃ መክሰስ ነው። በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ብርሃን በዝናብ አይዝግም። የፋይበር ጠላት አይጥ፣ ዶማና ገመዱን በምስማር ዙሪያ አጥፎ የሚያስር ሰው ነው። ሣጥኑ ላይ «ሎስ» የምትባለው መብራት ቀይ ከሆነች ብርሃኑ ጭራሹን አልደረሰም ማለት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሺሕ ጊዜ ቢነቅሉ ቢሰኩ ለመሰኪያው ነው ጉዳቱ።

ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር የተማሪ ሰልፍ የማይጠፋበት አንድ ግቢም አለ። ልጆቹ ግንቡን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ የስልካቸው ብርሃን ፊታቸውን ከታች ያበራዋል፤ መንገደኛ ሲያልፍ አጋንንት ያየ መስሎት ያማትባል። የቤቱ እመቤት ጠርተውኝ «ይህ ኢንተርኔት ማታ ማታ ይደክመዋል» አሉኝ። የሞደሙን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር አሳየኋቸው። የቤቱ ሰው አምስት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ፓስወርዱን ጠየቅኋቸው። የበኩር ልጃቸው ስምና 1234 ነው። ልጁን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ እስከ አራት መቁጠርም የሚያቅተው የለም።

«ልቀይርልዎት?» አልኋቸው።

«ምን ብዬ? እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ከደጅ ይመለሳል እንዴ?»

ለዚህ መልስ ያለው የቴክኒክ መጽሐፍ አላየሁም። እሳት ግን ተጭሮ አይጎድልም፤ ኢንተርኔት ይጎድላል። 4 ሜጋ ለአምስት ሰው ሲካፈል ቪዲዮ እየተንገዳገደም ቢሆን ያሳያል፤ ለሃያ ሰው ሲካፈል ሁሉም የሚያየው ያችን የምትዞር ቀለበት ነው። ሞደሙ የእንግዳ መስመር መክፈት ስለሚችል ለሰፈሩ አንድ ከፍቼ ልኩን ዝቅ አደረግሁት፤ የቤቱን ፓስወርድም ለወጥሁት። እመቤቲቱ ተስማሙ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ደወሉ። «የልጆቹ ፊት ጠቆረብኝ፤ ፈተናም አለባቸው። ትንሽ ጨምርላቸው እስቲ።» ጨመርሁ። እዚያው ቤት ከተማሪዎቹ የባሰ በላተኛ እንዳለ የነገርኋቸው ደግሞ በኋላ ነው፤ የባለቤታቸው ስልክ። ቴሌግራሙ በዕድሩም፣ በማኅበሩም፣ በትውልድ መንደሩም ቡድን ውስጥ ያለውን ቪዲዮ ሁሉ ሳይጠየቅ ያወርዳል። ሰውዬው አንዱንም ከፍተው አያዩም። በቴሌግራሙ ማስተካከያ ውስጥ «በራስህ አውርድ» የሚለውን ማጥፋት ብቻ ለዚያ ቤት አዲስ መስመር ከማስገባት ይበልጥ ጠቀመ።

ወደ ቡሬ እንሂድ። በመንገዱ ላይ ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱባት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የተረከው መልእክት በሰው እግር ስለሚሄድበት ዘመን ነበር። ያ አገልግሎት እጅግ ቀርፋፋ መሆኑን አምናለሁ፤ ግን መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅም።

ቡሬ የነጋዴ ከተማ ናት። ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከእሷ ነው፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አላት፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም እዚያው ነው። ስለዚህ ቡሬ ላይ ኢንተርኔት ሲቆም የሚቆመው ቲክቶክ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ዝውውር፣ የመኪና ጭነት፣ የበርበሬ ዋጋም አብሮ ይቆማል። የጠሩኝ የእህል ነጋዴ ሳሎን ስገባ ሞደሙን ፈልጌ አጣሁት። ኋላ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ የላስቲክ አበባ ተተክሎበት ተገኘ። የቤቱ ሰው ውድ ዕቃ ያለ ልብስ አይተውም። ዳንቴሉ ሞገዱን አያግደውም፤ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል፤ የሞቀ ሞደም ደግሞ ይደነዝዛል። ሥራው ያለው ከግቢው ማዶ፣ ቢሯቸው ውስጥ ነው። በሳሎኑና በቢሮው መካከል የቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል፤ መጋዘኑ ውስጥ በቆሎ አለ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ ነጋዴው፤ «የበቆሎ ዋጋ ሲወጣ ኢንተርኔቱ ይፈጥናል። ዋጋ ሲወርድ ይሞታል። ይህን ከገበያ ጋር ምን አገናኘው?»

ፊታቸውን አየሁ፤ አይቀልዱም። መጋዘኑን ካየሁ በኋላ ግን እውነታቸውን መሆኑ ገባኝ። የዋይፋይ ሞገድ ብረትን አያልፍም፤ ውኃ ደግሞ ይመጠዋል። መቶ ኩንታል በቆሎ ደረቅ ነው ተብሎ ሲሸጥ እንኳ ከአሥር ኩንታል ያላነሰ ውኃ ተሸክሟል። ኅዳርና ታኅሣሥ እህሉ ሲገባ መጋዘኑ እስከ ጣራው ይሞላል፤ ከሞገዱም በግራ በቀኝ ባለች ክፍተት ሾልካ የምትደርሰው ቅሪት ብቻ ትሆናለች። ዋጋ ሲወጣ ነጋዴው ይሸጣሉ፣ መጋዘኑ ይጎድላል፣ የቆርቆሮው በር ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፣ ኢንተርኔቱም ያልፋል። እንዲህ ያለ የገበያ ትንበያ የትም አገር የለም። ጥገናው ቀላል ነበር፤ ከሳሎን እስከ ቢሮ አንድ ገመድ ዘርግቼ በጫፉ ሌላ ማሠራጫ ማስቀመጥ። ነጋዴው ተስማሙ፤ ግን ቅር አላቸው። ከዚያ በኋላ ዋጋ መውጣቱን በምን ሊያውቁ ነው?

እኒህ ሰው ሌላም ክስ ነበራቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፊልም ሲወርድ አሳዩኝ። «4 ሜጋ ብለው ሸጡልኝ፤ ይኸው ግማሽ ሜጋ ይላል። ሚዛን ሰርቀውኛል።» እዚህ ላይ ለአገልግሎት ሰጪው ጠበቃ መቆም ግድ ሆነብኝ። የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ስልኩ የሚቆጥረው በሜጋባይት ነው፤ ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነው። 4 ለስምንት ሲካፈል ግማሽ ይመጣል፤ 700 ሜጋባይት ፊልምም በዚህ ፍጥነት ሃያ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ነጋዴው ጣታቸውን እያጠፉ አሰሉና ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ በኩንታል ገዝቼ በፈረሱላ ብሸጥና ሁለቱንም አንድ ስም ብሰጠው አንተ ዝም ትለኛለህ?» አሉ። አልመለስሁላቸውም። እውነታቸውን ነበር።

ቆርቆሮ ጣራና የጭቃ ግድግዳ ያለን ሰዎች መሆናችንን የሞደም አምራቾች የሚያውቁ አይመስለኝም። በማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ባዶ ሳሎንና ነጭ ግድግዳ ነው። እኛ ቤት ሞገዱ መጀመሪያ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን፣ ቀጥሎ ጠላ የሞላ ጋን፣ ቀጥሎ ወፍራም ግድግዳ ያገኛል። ድግስ ከሆነ ደግሞ ሰው አለ፤ ሰውም ቢሆን ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ሙሽራው ሲገባ ኢንተርኔቱ የሚጠፋው እልልታው አስደንግጦት አይደለም።

አሁን ቤቱን እንልቀቅ። ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ መንገዱን ከመካከል መቁረጥ ነው። በኮምፒውተር ላይ «ፒንግ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ «አለህ?» ብሎ ጠርቶ «አለሁ» እስኪባል የፈጀውን ጊዜ ይነግራል። መጀመሪያ 192.168.1.1ን እጠራለሁ፤ ብዙ ቤት የሞደሙ አድራሻ እሱ ነው። እሱ ቶሎ መልሶ ቀጥዬ የምጠራው፣ ከቤቱ ውጭ ያለው 8.8.8.8 ካልመለሰ የቤቱ ሰው ሁሉ ነጻ ነው፤ ልጁም፣ ዳንቴሉም፣ በቆሎውም። ቁጥሩ መልሶ ስም ያለው ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው አገልግሎት ነው የታመመው፤ እሱን በሌላ መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህችን ምርመራ ለሰው ሁሉ ላስተምር ሞክሬ ነበር። የተማረልኝ የታሪክ መምህሩ ብቻ ናቸው፤ ደብተራቸው ላይ አሁን «ፒንግ» የሚል ዓምድ አለ።

ከሞደሙ ወዲያ ያለው ማማ ነው። ማማ መብራት ይበላል፤ መብራት ከተማውን ትቶ ሲሄድ በባትሪና በጀነሬተር ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅ ነዳጁም ካልደረሰ ማማው ዝም ይላል። መብራት ከሄደ ከሰዓታት በኋላ ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለተኛ አደጋ የደረሰ ይመስለናል፤ አንዱ ራሱ ነው ዘግይቶ የደረሰን። ከማማው ወዲያ ደግሞ መንገድ ሲሠራ ገመድ የሚበጥስ ቡልዶዘር አለ።

ጥፋቱ በአገር ላይ የሚወድቅበት ሌሊትም አለ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት። ያን ሌሊት አንድ ድረ ገጽ በር ላይ የአገሩ ተማሪ፣ ወላጅ፣ አጎትና የአጎት ጓደኛ ሁሉ ቆሞ ያንኳኳል፤ አንዱ ሰው ደግሞ በር አልከፈት ሲለው ገጹን እያደሰ አሥር ጊዜ ያንኳኳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበር፤ ውጤቱን በመጀመሪያው ሌሊት ማየት የቻለው ከዚያም ያንሳል ቢሉኝ አምናለሁ። ያን ሌሊት ሞደም የሚነቅል ሰው ሁሉ ንጹሕ ዕቃ ያስቸግራል። በ6284 አጭር መልእክት ልኮ መተኛት ይሻላል። ማን ይተኛል ግን?

ከአገር ወጥቶ ደግሞ ባሕር አለ። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት ከውጭው ዓለም የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ ዋናው በር ጅቡቲ ነው፤ ከዚያ ገመዱ ወደ ባሕር ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትታ ባለቤት አልባ ሆና ቀይ ባሕር ላይ ስትንሳፈፍ፣ ስትጎትተው የነበረው መልህቅ ከባሕሩ ወለል ያሉ የኢንተርኔት ገመዶችን ሳይቆርጥ እንዳልቀረ ተዘገበ። አስቡት፤ አንድ መልህቅ እዚያ ሲጎተት እዚህ ፍኖተ ሰላም «ምን ነክተህ ነው?» ተብሎ ልጅ ሊገሠጽ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ አልተሰማንም። መልህቁ ሳይደርስብን አስቀድመን ተቆርጠን ነበር።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም እንደ ተዘጋ ቆየ። የክልሉን ጦርነት ነገር እዚህ አላነሣም፤ ለቅሶ ላይ ያለ ቤት ብዙ ነው። የማወራው ከሱቄ መስኮት ያየሁትን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ «ተበላሽቷል»። አልተበላሸም እላለሁ። «ታዲያ ለምን አይሠራም?» አንዱ ጎረምሳ ምክሬን ትቶ ስልኩን ሸጠና ሌላ ገዛ። አዲሱም አልሠራም። አሮጌውን የገዛው ሰው ደግሞ «የማይሠራ ስልክ ሸጠህልኝ» ብሎ ሊመልስለት መጣ፤ ሁለቱም እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ሁለት ጤነኛ ስልኮች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ጤነኛ ሰዎች ተሰዳደቡ።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ የሚገናኙት በኢሞ ነው። ስልካቸውን በመሐረብ ቋጥረው አምጥተው ፈቱልኝ። አየሁት፣ መለስሁላቸው። «እማማ፣ ስልክዎ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ለምን ልጄን አያሳየኝም?»

«ችግሩ እዚህ አይደለም።»

«የት ነው?»

በእጄ ወደ ላይ አመለከትሁ። ወደ ማማው ማለቴ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ አማተቡ፣ «ይሁን፣ እሱ ያውቃል» ብለው ስልካቸውን መልሰው ቋጠሩት። ለማረም አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ ላርም?

ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ትርምስ ሆነ። ቴሌግራም የተላከን ነገር ቢቆይም አይጥልም፤ ስለዚህ የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» በአንድ ቀትር ገባ። ሱቄ በር ላይ ስልኩ ጪው ጪው ሲል የነበረ አንድ ሰው የዓመቱን ዓውደ ዓመት ቆሞ ጨረሰው፤ ለሁሉም መልስ ሲጽፍ ባትሪው አለቀበት።

ሙያተኛ ነኝ የሚል ሰው ግን ገጠር ወርዶ ይይ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መንደር ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስልኩ የሚኖረው ምሰሶ ላይ በተሰቀለች ሙዳይ ውስጥ መሆኑን አየሁ። ሙዳይዋ ያለችበት ኔትወርክ አለ፤ ስንዝር ፈቀቅ ካለ የለም። በጨዋታ የሚነገር ይመስላል፣ ግን ሒሳቡ ይሠራል። በ900 ሜጋኸርዝ የሚመጣው የስልክ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቆርቆሮው እየነጠረ ከራሱ ጋር ሲጋጭ አንድ ቦታ ይደምቃል፣ ከዚያ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ይጠፋል። ቤተኞቹ ይህን የትም ሳይማሩ ሙዳይቱን ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ እያደረጉ ምስማሩን ትክክለኛው ነጥብ ላይ መትተዋል። እኔ በመሣሪያ ብለካው የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር። ችግሩ ስልኩን ከሙዳይዋ ማውጣት ስለማይቻል ወሬው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ቤቱም ጎረቤቱም ይሰማል። የግል ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ኮረብታው ይወጣል።

ኮረብታው ላይ ያለ ዛፍ ባይኖር አገሩ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። ሽምግልና የሚጠራው፣ የእህል ዋጋ የሚጠየቀው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ላለ ልጅ ገንዘብ የሚላከው ከሥሩ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ዞር ይላል፤ ዞር ማለት ግን አለመስማት አይደለም። አንድ ጎልማሳ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተክለው፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ሙያዬን ሰምተው ኖሮ ወደ እኔ ተጠጉ።

«አንተ ባለሙያው፣ ይህን ኔትወርክ እቤቴ ድረስ ማውረድ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ አያ» አልሁ። ረጅም እንጨት ማቆም፣ ጫፉ ላይ ወደ ማማው የዞረ አንቴና ማሰር፣ ከእሱ ወደ ቤት ገመድ መሳብ፣ ሲም የሚገባበት ሞደም ማስቀመጥ፣ ለመብራቱ ትንሽ ሶላር። የሚያወጣውን ነገርኋቸው። በሬ የሚገዙ ያህል በጥሞና አዳመጡኝ፤ ቤታቸው ያለበትን አቅጣጫ በዱላቸው አሳዩኝ፤ ባሕር ዛፉ ከግቢያቸው እንደማይጠፋም ነገሩኝ።

በዚህ መካከል ስልካቸው ጠራ። ቁጥሩን አዩት። ማማው ከፊታችን ነው፤ የስልካቸው ዘንግ ሁሉም ሞልቷል።

«ሃሎ! ሃሎ! አልሰማህም! ኧረ ይቆራረጣል! ቤት ስገባ እደውልልሃለሁ!»

ዘጉት። ከዛፉ ሥር የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«የበሬ ዕዳ ነው» አሉኝ፣ ስልኩን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ። «እቤቴ ካወረድኸውማ ለዚህ ሰውዬ ምን ልለው ነው? እንጨቱን እስክቆርጥ ቆይ። ዕዳውን ከፍዬ እጠራሃለሁ።»